አስታማሚ ሥራዋን ስትለቅ



ሽማግሌ ሲመርቅ «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ይላል። ጧሪው ደክሞት ወይም የተሻለ እንጀራ አግኝቶ ስለሚሄድበት ቀን ግን አንነጋገርም። ዛሬ ልናገር የመረጥሁት ስለዚያ ቀን ነው።

እዚሁ ደብረ ብርሃን ውስጥ እናት ወይም አባት አልጋ ላይ የዋሉበትን ቤት አስቡ። ልጆቹ አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ናቸው፤ ገንዘብ ይልካሉ። የምታስታምመው ብዙ ጊዜ ከገጠር የመጣች ወጣት ናት። የተቀጠረችው ወጥ ልትሠራና ልብስ ልታጥብ ነበር። እማማ ወድቀው ዳሌያቸው ሲሰበር ማንሳቱ፣ ማጠቡ፣ ማጉረሱ፣ ሌሊት ማገላበጡ ሁሉ ተጨመረባት፤ ደመወዟ ግን አልተጨመረም። ራሱን መገላበጥ የማይችል ሰው በየሁለት ሰዓቱ ገደማ ጎኑ ካልተቀየረ የአልጋ ቁስል ሊያወጣ ይችላል። እንግዲህ አስታማሚዋ ሌሊቱን ስትነሣ ታድራለች። 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለች ከተማ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ፣ ከሞቀ ጋቢ ወጥቶ የራሰ አንሶላ መቀየር ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም። አንኮበር ላይ ደግሞ ዳገቱና ገደሉ ለተሽከርካሪ ወንበር አይመችም፤ አቅመ ደካማው ጤና ጣቢያም ሆነ ቤተ ክርስቲያን የሚደርሰው ብዙ ጊዜ በሰው ጀርባ ነው። ያ ጀርባ አንድ ቀን እምቢ ይላል።

ስለዚህ ትሄዳለች፤ ወደ ኢንዱስትሪ ፓርኩ፣ ወደ ቢራ ፋብሪካው ወይም ወደ ዓረብ አገር። ቤተሰቡም ጎረቤቱም «ጨካኝ! ጥላቸው ሄደች» ይላል። እኔ በዚህ ፍርድ አልስማማም። ማስታመም ጽድቅ መሆኑን እምነታችን ያስተምረናል፤ እኔም አምናለሁ። ነገር ግን ጽድቅ ነው እያልን የዕረፍት ቀን፣ ውልና ተገቢ ደመወዝ ስንነፍጋት፣ መሰናበትን ኃጢአት አደረግንባት። ኃጢአት የተባለን ነገር ደግሞ ማንም በግልጽ አያደርገውም። ለፋሲካ ዘመድ ልጠይቅ ብላ ትወጣና በዚያው ትቀራለች። ቤቱን የሚጎዳው ይህ የድብቅ አካሄድ ነው።

እማማን የምታውቃቸው እሷ ናት! በየትኛው ጆሮ እንደሚሰሙ፣ የደም ግፊት ክኒናቸውን መቼ እንደሚወስዱ፣ ፍትፍቱ ምን ያህል ቢርስ ትን እንደማይላቸው፣ የትኛው ትከሻቸው ሲነካ እንደሚያማቸው የተጻፈበት ወረቀት የለም። የምትታገዘው መናገር የማትችል ልጅ ከሆነችማ፣ የረሃቧንና የሕመሟን ድምፅ የሚለየው ያ አንድ ሰው ብቻ ሊሆን ይችላል። እሱ በድንገት ሲጠፋ ልጅቱ የሚሰማት አጣች ማለት ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ሥራውን እንዲለቅ ይፈቅዳል። ምን ሥራ፣ ለምን ያህል ጊዜ፣ በስንት ደመወዝ እንደሠራ የሚገልጽ የምስክር ወረቀትም ያሰጠዋል። በሰው ቤት የተቀጠረችው ግን ከዚህ አዋጅ ውጭ ናት፤ ለእሷ ያሉት በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የተጻፉ ጥቂት አንቀጾች ናቸው። በሌላ በኩል ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችንና አረጋውያንን እንዲረዳ ያዛል። አገራችን በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም የግል ረዳት ማግኘትን ይጠቅሳል። ረዳት የማግኘት መብት ግን ረዳቷ ራሷ መብት ከሌላት በምን ይጸናል?

በሊባኖስ የካፋላ ሥርዓት አሠሪዋ ሳይፈቅድ ሥራዋን መልቀቅ የማትችል እህታችንን ስናስብ እንቆጣለን። በ2012 ዓ.ም. ብዙ ኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞች ቤይሩት በሚገኘው ቆንስላችን ደጃፍ ተጥለው ባየን ጊዜም ተቆጥተናል፤ ተገቢም ነበር። ያ ቁጣ እስከ ራሳችን ጓዳ መድረስ አለበት።

እድሮቻችን ለለቅሶ ድንኳንና ወንበር ያቀርባሉ። አባሉ በሕይወት ሳለ አስታማሚዋ በምታርፍበት ቀን የሚተካት ሰው ቢመድቡ ከአቅማቸው በላይ አይሆንም። በፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ስም የተሰየመው የዩኒቨርሲቲያችን የጤና ሳይንስ ካምፓስ፣ ጀርባን ሳይጎዱ ሰው ማንሳትን ለእነዚህ ወጣቶች ቢያስተምር መልካም ነው። ቤተሰብም ሕግ ባያስገድደው እንኳ በ30 ቀን የማስጠንቀቂያ ስምምነት ይቅጠር፤ አዲሷ ከቀድሞዋ ጋር ጥቂት ቀን አብራ ትሥራ፤ የሚታገዘውም ሰው ማን ሊሄድ፣ ማን ሊመጣ እንደሆነ አስቀድሞ ይነገረው፣ ፈቃዱም ይጠየቅ።

እናንተም ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ የምታስታምመውን ልጅ አስቀምጡና የምታርፍበትን ቀን ቁረጡላት። መሄድ ስትፈልግ እንድትነግራችሁ፣ እንደማትቀየሟትም ንገሯት። በምትሄድበት ቀን ደመወዟን ሳታጎድሉ፣ የሠራችውን ሥራ በወረቀት ጽፋችሁና ፈርማችሁ ስጧት።