ወይፈንና በሬ በአንድ ቀንበር

(ስለ እግር ኳስ ቡድን አደረጃጀት በልደታ ለተማሪዎችና ለመምህራን የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንናገርበት ጉዳይ ከመማሪያ መጻሕፍታችን ውጭ ያለ ይመስላል። ነገር ግን በየቀኑ በደጃችን የሚያልፍ ነው። ከልደታ የባቡር ጣቢያ ተሳፍሮ ተግባረ ዕድን፣ ሜክሲኮንና ለገሃርን ያለፈ ሰው ስታዲየም ጣቢያ ይደርሳል። መንገዱ የጥቂት ደቂቃ ነው። በጌጃ ሠፈር ወይም በአብነት ኳስ የሚያንከባልል ልጅ ግን ይህን አጭር መንገድ ተጫዋች ሆኖ ለመጨረስ ስንት ዓመት ይፈጅበታል? በመንገዱስ ላይ ማን ይመራዋል? አንድ የእግር ኳስ ክለብ ገንዘቡን ልጆች ለማሳደግ ያውለው ወይስ የበሰለ ተጫዋች ለማስፈረም? የዛሬው ጥያቄያችን ይህ ነው።

በዚህ ነገር ሁለት ወገኖች ሲከራከሩ እንሰማለን። አንደኛው ወገን «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይላል። ዋንጫ የሚገኘው በልምድ ነው፤ ደጋፊ የሚፈልገው የዘንድሮን ድል ነው፤ አሠልጣኝም ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ከተሸነፈ የሚጠብቀው ስንብት ነው ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ የሌላውን ክለብ ልጅ በየዓመቱ እየገዙ መጫወት በኪራይ ቤት እንደ መኖር ነው፤ የተከፈለው ሁሉ ይሄዳል፤ የሚቀር ነገር የለም ይላል። በእኛ አስተያየት ሁለቱም ወገኖች እውነት አላቸው። ስሕተታቸው ልጅንና አዋቂን እንደ ሁለት ልዩ ልዩ ዕቃ አይተው ከሁለቱ አንዱን ምረጡ ማለታቸው ነው።

ገበሬው ይህን ነገር ከእኛ ይልቅ ያውቃል። ወይፈን ለእርሻ ሲያለማምድ ሁለት ወይፈኖች አንድ ላይ አይጠምድም፤ ትልሙን የሚያውቅ ስለማይኖር ቀንበሩ ይሰበራል፣ መሬቱም ሳይታረስ ይመሻል። ወይፈኑን ሥራ ከለመደ በሬ ጋር ያጣምደዋል። በሬው መስመሩን ይይዛል፤ ወይፈኑ ጉልበት ይጨምራል፤ እየዋለ እያደረም ይለምዳል። እንዲሁም ሁለት ያረጁ በሬዎችን ብቻ ይዞ የተቀመጠ ገበሬ የዘንድሮውን ማሳ ያርስ ይሆናል፤ የከርሞውን ግን በምን ያርሳል? እንግዲህ ለማስረዳት የምንፈልገው ነገር ይህ ነው፦ የበሰለ ተጫዋች የሚፈርመው በወጣቱ ቦታ ሊተካ ሳይሆን ከወጣቱ ጋር ሊጠመድ ይገባል።

ለዚህ ከራሳችን ታሪክ ምስክር አለን። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ኢትዮጵያ የግብፅን ቡድን 4 ለ 2 አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች። ቡድናችን በዚያ ቀን ሁለት ጊዜ ተመርቶ ሁለት ጊዜ አቻ ሆነ፤ ጨዋታውም ወደ ተጨማሪ ሰዓት አለፈ። የቡድኑ አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ 26 ዓመቱ ነበር። በተጨማሪው ሰዓት ግብ ካስቆጠሩት መካከል የሆኑት ታናሽ ወንድሙ ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ ግን ሃያዎቹን ገና የጀመሩ ወጣቶች ነበሩ። ወጣቶቹ ብቻቸውን ቢሆኑ ኖሮ ሁለት ጊዜ ከተመሩ በኋላ ልባቸውን የሚያረጋጋላቸው ማን ነበር? ነባሮቹም ብቻቸውን ቢሆኑ ከ90 ደቂቃ በኋላ የሚሮጥላቸው ማን ነበር?

በአሠልጣኝነት የመሯቸው አቶ ይድነቃቸው ተሰማም በራሳቸው ሕይወት ይህንኑ ያሳያሉ። ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም. ሲመሠረት እርሳቸው የ14 ዓመት ልጅ ነበሩ። ለዚያው ክለብ ከ20 ዓመት በላይ ተጫወቱ፤ ከዚያ አሠልጣኝ ሆኑ፤ ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው እስከ 1979 ዓ.ም. ድረስ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን በፕሬዚዳንትነት መሩ። በልጅነቱ ቦታ የተሰጠው ሰው ሲያረጅ ቦታ ሰጪ ይሆናል ማለት ነው።

ከባሕር ማዶም አንድ ምሳሌ እንጨምር። በግንቦት 1987 ዓ.ም. የሆላንዱ አያክስ በቪየና የጣሊያኑን ሚላን 1 ለ 0 አሸንፎ የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆነ። አያክስ የልጆች ቡድን እየተባለ ይወራለታል፤ ወሬው ግን ግማሹ ብቻ ነው እውነት። ብቸኛዋን ግብ ያገባው የ18 ዓመቱ ፓትሪክ ክላይቨርት ሲሆን ኳሷን ያቀበለው የ32 ዓመቱ ፍራንክ ራይካርድ ነበር። ራይካርድ በአያክስ ያደገ፣ ከዚያም በሚላን ለዓመታት ተጫውቶ በ1985 ዓ.ም. ወደ ቤቱ የተመለሰ ነው። ክለቡ ልምድን ከውጭ ሲያመጣ እንኳ የቤቱን ሥርዓት የሚያውቅና ከልጆች ጋር መጠመድ የሚችል ሰው መረጠ። ዕድሜ ብቻውን ልምድ አይሆንምና፤ የሚያስተምር በሬ አለ፤ ወይፈኑን የሚወጋም አለ።

ወደ ቅርቡ ዘመን ስንመለስ ያለንበት ችግር ይታየናል። ብሔራዊ ቡድናችን ከ31 ዓመት በኋላ በ2005 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ ላይ በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ ተካፈለ። ሁላችንም ተደሰትን። ቀጣዩን ተሳትፎ ያየነው ግን ከ9 ዓመት በኋላ፣ በጥር 2014 ዓ.ም. በካሜሩን ነው። በደቡብ አፍሪካው ቡድን የ20 ዓመት ወጣት የነበረው ጌታነህ ከበደ በካሜሩን ነባር ሆኖ ተገኘ፤ በቡርኪና ፋሶ ላይ የአቻነቷን ግብ በፍጹም ቅጣት ምት ያስቆጠረውም እርሱ ነው። ጌታነህን በ2005 ቦታ ባይሰጡት ኖሮ በ2014 ልምድ ከየት ይመጣ ነበር? ልምድ ከገበያ የሚገዛ ይመስለናል እንጂ የሚሠራው ከዓመታት በፊት ለወጣት በተሰጠ የጨዋታ ደቂቃ ነው። በሰኔ 1993 ዓ.ም. ደግሞ ወጣቶቻችን በአርጀንቲና ለተደረገው ከ20 ዓመት በታች የዓለም ሻምፒዮና ደርሰው ነበር። ያ ትልቅ እርምጃ ነበር፤ ዋናው ቡድን ግን ከዚያ በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ለመድረስ 12 ዓመት ገደማ ፈጀበት። ወጣት ማፍራት ብቻውን አይበቃም፤ ከወጣት ቡድን ወደ ዋናው ቡድን የሚያሻግር ድልድይ ያስፈልጋል።

አሁን ስለ ገንዘቡ እንናገር። ከፕሪሚየር ሊግ ክለቦቻችን ብዙዎቹ የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደሮች ወይም በመንግሥት ድርጅቶች ገንዘብ ነው። ይህ የሕዝብ ገንዘብ ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር በአንድና በሁለት ዓመት ውል ብዙ ተጫዋቾች ይፈርማሉ፤ ውሉ ሲያልቅም ይበተናሉ። ፌዴሬሽኑ በ2011 ዓ.ም. የተጫዋች ወርኃዊ ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ጣሪያ አውጥቶ ነበር። ጣሪያ ግን ዋጋን ይወስን ይሆናል እንጂ ሰውን አያሳድግም። የሚፈለገው ለአንድ ተጫዋች ምን ያህል እንደተከፈለው ብቻ ሳይሆን ከሄደ በኋላ ምን ትቶ እንደሄደ መጠየቅ ነው።

ልጅ ማሳደግ ጽድቅ ብቻ ሳይሆን ሒሳብም ነው። በፊፋ ደንብ አንድ ተጫዋች ውሉ ሳያልቅ ከአገር ወደ አገር በገንዘብ ሲዛወር ከዋጋው 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመት ዕድሜው ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። ከ12 እስከ 15 ዓመት ላሉት ዓመታት ለእያንዳንዱ ሩብ በመቶ፣ ከ16 እስከ 23 ላሉት ደግሞ ለእያንዳንዱ ግማሽ በመቶ ይታሰባል። አንድን ልጅ ከ12 እስከ 15 ዓመቱ ለ4 ዓመት ያሠለጠነ ክለብ፣ ልጁ በ10 ሚሊዮን ብር ቢዛወር 100,000 ብር ይደርሰዋል ማለት ነው። በ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ለኢትዮጵያ ቡና 29 ግብ አስቆጥሮ በማግሥቱ ዓመት ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ የሄደው አቡበከር ናስር የወጣት ዋጋ እስከ ምን እንደሚደርስ አሳይቶናል። ነገር ግን ስሙ በመዝገብ ላልሰፈረ ልጅ፣ በፌዴሬሽን ላልተመዘገበ የሠፈር ቡድን ድርሻ የሚከፍል የለም።

መዝገብ ካነሣን ስለ ዕድሜም እውነቱን እንነጋገር። በ2002 ዓ.ም. ናይጄሪያ ላይ ለተደረገው ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ፊፋ የተጫዋቾችን የእጅ አንጓ አጥንት በኤም አር አይ ማስመርመር ጀመረ። ዕድሜውን ቀንሶ በወጣት ቡድን የሚጫወት ሰው የሚጎዳው ደንቡን ብቻ አይደለም፤ የእውነተኛውን ልጅ ቦታ ይወስዳል። እንዲህ ያለው ቡድን በሬን ወይፈን ብሎ የሸጠ ነጋዴ ይመስላል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ሦስት ነገሮች እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ክለብ ከ28 ዓመት በላይ የሆነ ተጫዋች ሲያስፈርም በዚያው ቦታ አብሮት የሚጠመደው ወጣት ማን እንደሆነ አስቀድሞ ይወሰን፤ በዓመቱ መጨረሻም ወጣቱ ስንት ደቂቃ እንደተጫወተ ለክለቡ ጉባኤ ይነገር። ነባሩም ይህን ሥራ ሲሠራ ክብርና ዋጋ ይሰጠው፤ ጫማውን ሲሰቅልም የአሠልጣኝነት በር ይከፈትለት።

ሁለተኛ፣ በተጫዋቾች ዝርዝር ውስጥ ለቤት ልጆች ቦታ ይከበር። በአውሮፓ ክለቦች ውድድር ከ25 ስሞች 8ቱ በአገር ውስጥ ለሠለጠኑ፣ ከነዚያም 4ቱ ክለቡ ራሱ ላሠለጠናቸው የተጠበቁ ናቸው። የሠለጠነ የሚባለውም ከ15 እስከ 21 ዓመቱ ባለው ጊዜ 3 ዓመት የቆየ ነው። ክለቡ እነዚህን ልጆች ባያገኝ ዝርዝሩ ያጥራል እንጂ በሌላ አይሞላም። የፈረንሣይ ፕሮፌሽናል ራግቢም በአገር ውስጥ የሠለጠኑ ተጫዋቾችን በቁጥር ያስገድዳል። እኛም በራሳችን መጠን ልናደርገው እንችላለን።

ሦስተኛ፣ የሠፈር ቡድኖች ከ12 ዓመት ጀምሮ ልጆቻቸውን በትክክለኛ ዕድሜ ያስመዝግቡ። ልደታ ውስጥ አሮጌ መንደሮች ፈርሰው ፎቅ ሲሠራ ልጆች የሚሮጡበት ሜዳ እየጠበበ ነው፤ ስለዚህ የትምህርት ቤት ሜዳዎች ከትምህርት ሰዓት ውጭ ቢከፈቱላቸው መልካም ነው።

ምናልባት «ይህ የፌዴሬሽንና የክለብ ጉዳይ ነው፤ ተማሪን ምን አገባው?» የሚለን ይኖራል። ከመካከላችን ግን ነገ በከተማ አስተዳደር በጀት ላይ የሚፈርም፣ የክለብ ሒሳብ የሚመረምር፣ የተጫዋች ጉልበት የሚያክም፣ በትምህርት ቤት ልጆችን የሚያስተምር ይወጣል። እስከዚያም ድረስ ቢሆን ቅዳሜ ቅዳሜ ለሠፈር ልጆች መዝገብ ለመጻፍና ጨዋታ ለመዳኘት የሚከለክለን የለም። በዚህ ሥራ ለመሳተፍ የሚፈልጉ ሁሉ ከስብሰባው በኋላ ስማቸውን እንዲሰጡን እንለምናለን።