ቀስ በቀስ የሚያድግ ኮምፒውተር

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በፎቶግራፍ ክበብ አባሎች የተነገረ)




ወላጆቻችን ለዚህ በዓል ከየቤታቸው ያመጡልንን የድሮ የክፍል ፎቶግራፎች በግድግዳው ላይ ተሰቅለው አይታችኋል። ብዙዎቹ ወይበው፣ አንዳንዶቹም ተቀዳደው ነበር። እኛም በስካነር እየገለበጥን ማደስ ጀመርን። ነገር ግን በተዋስነው አሮጌ ኮምፒውተር ስንሠራ መብራት በድንገት ጠፋ፤ ዲስኩም ተበላሸና የሦስት ሳምንት ድካማችን ከንቱ ሆነ። ደግነቱ ዋናዎቹ ፎቶግራፎች በእጃችን ነበሩ። ከዚያ ወዲህ የራሳችንን ኮምፒውተር በጥቂት ገንዘብ ለመገጣጠም ቆረጥን። ዛሬ የምንነግራችሁም ያ ጥቂት ገንዘብ በምን ተራ መውጣት እንደሚገባው ነው።

አፄ ቴዎድሮስ በዚሁ በአቅራቢያችን በጋፋት መድፍ ባሠሩ ጊዜ፣ ሠራተኞቹ በአንድ ቀን ከሴባስቶፖል አልደረሱም። መጀመሪያ ሙከራው ከሸፈ፤ ቀጥሎም ትንንሾቹ ተሠሩ፤ በመጨረሻ በ1860 ዓ.ም. እስከ መቅደላ የተጎተተው ታላቁ መድፍ ወጣ። እኛም ያሰብነው እንዲሁ ነው፤ ዛሬ ትንሹን፣ ነገ ትልቁን።

ስለዚህ አስቀድሞ የሚገዛው፣ ኋላ ሊጨመርበት የሚቻለው አካል ነው። ብዙዎቹ ስስ ኮምፒውተሮች ለዓይን ያምራሉ፤ ነገር ግን ሜሞሪያቸው ከማዘርቦርዱ ጋር የተበየደ ስለ ሆነ ማሳደግ አይቻልም። ከቢሮ አገልግሎት የወጣ፣ አራት ኮር ያለው ፕሮሰሰርና አራት የሜሞሪ ማስገቢያ ያለው ኮምፒውተር ግን ለጀማሪ ይበቃል። ቢሆንም ከመግዛት በፊት ከፍቶ ማየት ያሻል። አንዳንዱ ፋብሪካ ለራሱ ብቻ የሚሆን ፓወር ሰፕላይ ይገጥምበታልና፣ ያ ሲበላሽ ምትኩን ማግኘት ያስቸግራል።

ሁለተኛው ሜሞሪ ነው። ለምን እንደ ሆነ በሒሳብ እንየው። 24 ሚሊዮን ነጥብ ያለው ፎቶግራፍ፣ እያንዳንዱ ነጥብ ሦስት ቀለም፣ እያንዳንዱም ቀለም ሁለት ባይት ይዞ ሲከፈት 144 ሚሊዮን ባይት ይሆናል። ለማደስ ስንል አሥር ጊዜ ብንደራርበው ከ1,400 ሚሊዮን ባይት ያልፋል። ስለዚህ በ8 ጊጋባይት ጀምሮ ገንዘብ ሲገኝ 16 ማድረስ መልካም ነው።

ሦስተኛው ዲስክ ነው። የሚሽከረከር ዲስክ ማንበቢያው በስስ አየር ላይ ተንሳፍፎ ይሠራል። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ዲስኮች ደግሞ እስከ 3,000 ሜትር ገደማ ብቻ እንዲሠሩ የተወሰኑ ናቸው። በጉና ተዳፋት ከእኛ ከፍ ብለው የሚኖሩ ወንድሞችና እኅቶች ይህን ያስቡበት። ኤስኤስዲ የሚባለው ግን የሚሽከረከር ነገር ስለሌለው ከፍታው አያሰጋውም። አየሩ ስስ ሲሆን ሙቀትንም በደንብ አይወስድምና፣ ማራገቢያውን ከአቧራ ማጽዳት አይዘንጋ።

አራተኛው ዩፒኤስ ነው። መብራት ሲጠፋ በባትሪው ጥቂት ደቂቃ ይሰጠናል፤ ሥራችንንም አስቀምጠን ኮምፒውተሩን በሥርዓት እንዘጋለን። ይህን በጉዳታችን ተምረናል። ያም ሆኖ የእያንዳንዱ ፎቶግራፍ ሁለተኛ ቅጂ በሌላ ዲስክ፣ በሌላ ክፍል ይቀመጥ። ከዚህ በኋላ ከጎን ሲያዩት ቀለሙ የማይለወጥ አይፒኤስ ስክሪን ይከተላል። የግራፊክስ ካርድ ግን የመጨረሻው ነው።

ለፕሮግራሙ ገንዘብ አያስፈልግም። ጊምፕ የሚባለው የፎቶግራፍ ማደሻ በነፃ ይገኛል። እርሱንም እ.ኤ.አ. በ1995 መሥራት የጀመሩት በአሜሪካ በበርክሌይ ይማሩ የነበሩ ሁለት ተማሪዎች ናቸው። እንግዲህ ተማሪ ለዓለም የሚተርፍ ሥራ ሊሠራ እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን።

ሙሉው ገንዘብ እስኪሞላ ብንጠብቅ ግን ፎቶግራፎቹ አይጠብቁንም። የበለጠም የሚያሳስበን ሌላ ነገር አለ። የወየበውን ቀለም ኮምፒውተር ይመልሰዋል፤ የተረሳውን ስም ግን አይመልሰውም። ስለዚህ ወላጆቻችን ሆይ፣ ፎቶግራፎቹን ስታመጡልን በምስሉ ላይ ያሉትን ሰዎች ስም ንገሩን። እኛም ከምስሉ ጋር እንጽፈዋለን።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ ኮምፒውተራችንም በየዓመቱ ያድጋል። ከእኛ በኋላ የሚመጡት ተማሪዎች የጎደለውን ይጨምሩበት ዘንድ አደራ እንላለን።