ፍርዱ ከተፈረደ በኋላ ገንዘቡ እንዴት እጅ ይገባል?

(በነዋሪዎች ማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እንደሚታወቀው ፍርድ ቤት ለእኛ ሩቅ አገር አይደለም። በአዲስ አበባ «ልደታ ቀጠሮ አለኝ» ያለ ሰው ብዙውን ጊዜ ወደ ችሎት እንደሚሄድ ሁሉም ያውቃል። ሆኖም ደጃፉ ላይ እየኖርን አሠራሩን የማናውቅ ብዙዎች ነን። የዛሬው ርእሳችንም ይኸው ነው፤ የቀድሞ አከራይ ገንዘብ እንዲመልስ ከተፈረደበት በኋላ አልከፍልም ቢል ምን ይደረጋል?

ጉዳዩ የተነሣው ከመካከላችን ነው። እንጀራ ጋግራ የምታድር አንዲት እኅታችን በ2015 ዓ.ም. አንድ ክፍል ቤት በወር 4,000 ብር ተከራይታ የ6 ወር ቅድሚያ ከፈለች። ሁለት ወር እንደ ተቀመጠች «ቤቱ ተሸጧል፣ ልቀቂ» ተባለች። የቀረው የ4 ወር ኪራይ፣ ማለት 16,000 ብር፣ ዛሬ ነገ ሲባል ቀረ። አከራዩ የፈረመላት ቁራጭ ወረቀት ስለ ነበረቻት ከሰሰች፤ ረታችም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ስናስበው ግን እኛም እናፍራለን። የፍርዱን ወረቀት በፌስታል ጠቅልላ ሣጥን ውስጥ ከተተችና ፍርድ ቤቱ ገንዘቡን ተቀብሎ እስኪጠራት ድረስ አንድ ዓመት ሙሉ ጠበቀች። እኛንም ስትጠይቀን «አይዞሽ፣ ይጠሩሻል» ነበር ያልናት። ለካስ የሚጠራት አልነበረም!

እንግዲህ ልናስገነዝብ የምንወደው ዋናው ነገር ይኸ ነው። ፍርድ ማለት ገንዘብ ማለት አይደለም፤ ገንዘቡን የማስከፈል መብት ነው። በድሮው ዘመን ባለዕዳና ባለገንዘብ በቁራኛ ተሳስረው፣ ዕዳው እስኪከፈል አብረው ይውሉ አብረው ያድሩ ነበር። ያ ቀርቷል። የዛሬው ቁራኛ የአፈጻጸም መዝገብ ነው፤ እሱንም ባለመብቱ ካላስከፈተው ማንም አይከፍትለትም።

መንገዱን በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አስቀምጦታል። በአጭሩ እንደሚከተለው ነው።

1ኛ/ የፍርዱን ግልባጭ ከፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ማውጣት።

2ኛ/ የአፈጻጸም ማመልከቻ በጽሑፍ ማቅረብ። በማመልከቻው ላይ የመዝገቡ ቁጥር፣ ፍርዱ የተሰጠበት ቀን፣ ይግባኝ መኖር አለመኖሩ፣ ከዕዳው የተከፈለ ካለም መጠኑ፣ እንዲሁም የሚፈለገው ገንዘብ ከነወጪውና ከነወለዱ ይገለጻል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ሕጋዊው ወለድ በዓመት 9 ከመቶ ነው። በ16,000 ብር ላይ በዓመት 1,440 ብር ይሆናልና፣ ፍርዱ ወለድ ፈቅዶ እንደሆነ ደኅና አድርጋችሁ አንብቡ።

3ኛ/ የባለዕዳውን ንብረት ማመልከት። ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። ቤት፣ መኪና፣ የባንክ ሒሳብ፣ ከሌላ ተከራይ የሚሰበስበው ኪራይ፣ የምታውቁትን ሁሉ ጻፉ። ካላወቃችሁም ባለዕዳው ችሎት ቀርቦ ስለ ሀብቱ እንዲጠየቅ ማመልከት ትችላላችሁ።

4ኛ/ ባለዕዳው በእንቢተኝነቱ ከጸና ፍርድ ቤቱ ንብረቱን ያስይዛል፤ በሐራጅም ያሸጣል። ይሁን እንጂ ሁሉም ነገር አይያዝም። ለባለዕዳውና ለቤተሰቡ የሚያስፈልግ ልብስ፣ መኝታና የማብሰያ ዕቃ፣ የሥራ መሣሪያውም፣ ጡረታውም በሕግ የተጠበቀ ነው። የበደለን ሰው ሜዳ ላይ ይውደቅ አንልም።

«ይግባኝ ብያለሁ» ብሎ የሚያስፈራራም አይጠፋም። ይግባኝ ማለት ብቻውን አፈጻጸሙን አያቆመውም፤ የሚያቆመው የፍርድ ቤት እግድ ነው። በሽማግሌ ተስማምታችሁ ገንዘብ ብትቀበሉ ደግሞ ለችሎቱ ማሳወቅ እንዳትረሱ። ጊዜውም ገደብ አለው። ፍርዱ ከተሰጠ 10 ዓመት ካለፈ በኋላ የሚቀርብ የአፈጻጸም ማመልከቻ ተቀባይነት የለውም። ከሁሉ በላይ ግን ደጁ ሄዶ ዕቃ መንጠቅ፣ በር መስበር ይቅር! የረታ ሰው በአንድ ቀን ንዴት ተከሳሽ ይሆናል።

ወደ እኅታችን እንመለስ። ከእኛው አባላት አንዱ አከራዩ በሌላ ሰፈር ሁለት ክፍል እንደሚያከራይ ያውቅ ነበር። እሷም ይኸንኑ በማመልከቻዋ ላይ ገለጸች። ተከራዮቹ ኪራዩን ለፍርድ ቤቱ ገቢ እንዲያደርጉ ታዘዘ። በሦስተኛው ወር አከራዩ ራሱ መጥቶ የቀረውን ከፍሎ ተገላገለ። ያን አንድ ዓመት የበላው የአከራዩ ክፋት ብቻ ሳይሆን የሁላችንም አለማወቅ ጭምር ነው።

ለወደፊቱስ? በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ቅድሚያ ክፍያ ከ2 ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ኪራዩም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲከፈል አዟል። «እኛ በቃል እንተማመናለን» የሚል አከራይ ቢገጥማችሁ፣ መተማመኑ በወረቀት ላይም ቢሰፍር እንደማይጎዳው በትሕትና ንገሩት። ይኸ ለአከራዮቻችንም ይጠቅማል፤ ኪራይ ሳይከፍል የሚጠፋ ተከራይም አለና።

አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ይሉ ነበር። በፍርድ ተገኝታ ሣጥን ውስጥ የቀረችውን ጭብጦ ግን ምን ይሏት ይሆን?

ስለሆነም ከቤቱ እንዲህ ያለ ወረቀት ያስቀመጠ ሁሉ እሑድ ጧት ወደ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ይዞት ይምጣ። ማመልከቻ የሚጽፉ ወጣቶች አሉን፤ ስለ ባለዕዳው ንብረት የሚያውቅም ከመካከላችን አይጠፋም። ብቻ ወረቀቱ ከሣጥን ይውጣ።



የነዋሪዎች ማኅበር ኮሚቴ