መቀጮና የዳኝነት ገንዘብ በደሀው ትከሻ ላይ



በሳሪስ አቦ፣ የደብረ ዘይቱ መንገድ ከቀለበት መንገዱ በሚገናኝበት ስፍራ፣ የዕለት ገቢ ለባለንብረት የሚያስረክብ የሚኒባስ ሾፌርና የራሱን አውቶሞቢል የሚነዳ ነጋዴ ጎን ለጎን ያልፋሉ። ሁለቱ አንድ ጥፋት አጥፍተው አንድ መቀጮ ቢቆረጥባቸው እኩል የተዳኙ ይመስላል። ይሁንና መሐንዲስ የጭነቱን ልክ ብቻ ሰምቶ ሒሳብ አይዘጋም፤ የተሸካሚውን ምሰሶ ውፍረትም ይጠይቃል።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ይህን አልዘነጋም። የመቀጮውን መደበኛ ልክ ለአንድ ሰው ከ10 ብር እስከ 10,000 ብር ካደረገ በኋላ፣ ዳኛው የጥፋተኛውን ሀብት፣ ገቢ፣ የቤተሰብ ኃላፊነት፣ ዕድሜና ጤና እንዲመለከት ያዛል፤ ከፋፍሎ እንዲከፍልም ሊፈቅድለት ይችላል። ችግሩ የሚጀምረው መቀጮ በሠንጠረዥ ሲወሰን ነው። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208 ቅጣቱን በእርከን ሲመድብ የጥፋቱን ክብደት እንጂ የከፋዩን ኪስ አልመዘነም።

የዳኝነት ገንዘብ ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ ይህን የሚከፍለው ያጠፋ ሳይሆን መብቱን የሚጠይቅ ነውና። በጥንቱ ሙግት ተሟጋቾች ማር፣ ፈረስ ወይም በቅሎ ይወራረዱ ነበር፤ ባለበቅሎው ደፍሮ ሲወራረድ ባዶ እጁን የቆመው እንደሚያመነታ ግልጽ ነው። በአሁኑ ሥርዓት የሳሪስ ፋብሪካ ሠራተኛ በሥራ ክርክር አሠሪውን ቢከስ የዳኝነት ገንዘብ አይጠየቅም። ያው ሠራተኛ ያበደረውን ገንዘብ ወይም የውርስ ድርሻውን ሲጠይቅ ግን ክፍያው በክሱ ገንዘብ መጠን ይሰላል። እርግጥ በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ መክፈል የማይችል ሰው በደሀ ደንብ እንዲከስ ፈቅዷል። ነገር ግን ደሀነት ራሱ ማስረጃ ይፈልጋል፤ ያለውን ንብረት ዘርዝሮ በቃለ መሐላ ማረጋገጥ፣ በቀጠሮው ቀን ቀርቦ መጠየቅ አለ። የቀን ሠራተኛ ሁለት ጊዜ ቢመላለስ የሁለት ቀን እንጀራውን ትቶ ነው፤ ይህ ወጪ በየትኛውም ደረሰኝ ላይ አይጻፍም።

ፊንላንድ በ1921፣ ስዊድን በ1931 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መቀጮን ከሰው የቀን ገቢ ጋር አያያዙ። አሳቡ መልካም ነው፤ ግን የጉልት ነጋዴንና የሸክም ሠራተኛን ገቢ የሚያሳይ መዝገብ በሌለበት ሀገር እንዳለ መቅዳቱ አይሠራም። ከዚያ ይልቅ በሠንጠረዥ የሚቆረጠው መቀጮም እንደ ፍርድ ቤቱ መቀጮ በየወሩ ተከፋፍሎ ቢከፈል፣ የደሀ ደንቡ ማመልከቻም ክሱ በቀረበበት ዕለት እዚያው ቢመረመር፣ የሚጠይቀው ጥቂት የመዝገብ ቤት ሠራተኞችና አንድ ችሎት ብቻ ነው።