የተሰረዘ መዝገብ፣ የተመለሰ ስም



መሐንዲሶች በተሰበሰቡበት ጉባኤ ስለ ድልድይ፣ ስለ ግድብና ስለ ሕንፃ መነጋገር የተለመደ ነው። ስለ ወንጀል መዝገብ መነጋገር ግን ለብዙዎች እንግዳ፣ ለአንዳንዶችም አሳፋሪ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ቁፋሮ በሚናድበት፣ መወጣጫ በሚሰበርበት፣ የኤሌክትሪክ መስመር ሰው በሚገድልበት ሙያ ለተሰማራ ሰው ፍርድ ቤት ያን ያህል ሩቅ ቦታ አይደለም።

በ1996 ዓ.ም. የታወጀው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ይቀጣል። ጥፋተኛው የሌላውን ሰው ሕይወት፣ ጤንነት ወይም ደኅንነት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበት እንደ ሆነ ቅጣቱ ከ1 እስከ 5 ዓመት የሚደርስ ቀላል እስራትና መቀጮ ነው። የሞቱት ሰዎች ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሲሆኑ፣ ወይም ግልጽ የሆነ ደንብ ታውቆ ሲጣስ ደግሞ ቅጣቱ ከ5 እስከ 15 ዓመት ወደሚደርስ ጽኑ እስራት ከፍ ይላል።

ለምሳሌ ያህል አንድ የግንባታ ተቆጣጣሪ መሐንዲስ ይታሰብ። የመሠረቱ ጉድጓድ ግድግዳ ሳይደገፍ ሠራተኞች እንዲወርዱ ዝም ብሎ አለፈ፤ አፈሩ ተናደ፤ አንድ የቀን ሠራተኛ ሞተ። ፍርድ ቤቱ ሁለት ዓመት ፈረደበት። ጥፋቱ እውነት ነው፤ የሟች እናት ኀዘንም እውነት ነው። ቅጣቱም ተገቢ ነበር። ነገር ግን ይህ ሰው ቅጣቱን ፈጽሞ ከወኅኒ ቤት ሲወጣ፣ ዳኛው ያልወሰነበት ሌላ ቅጣት በር ላይ ይጠብቀዋል። ሥራ ለመቀጠርም ሆነ ወደ ውጭ አገር ለመሄድ ከወንጀል ነፃ የመሆን ማስረጃ ይጠየቃል። ስለዚህ ወይ ያለፈውን ይሸሽጋል፣ ወይ ሙያውን ጥሎ ይሄዳል። ሀገር ብዙ ወጪ አውጥታ ያስተማረችው እጅ በዚህ ዓይነት ሥራ ይፈታል።

ሕጉ ለዚህ ችግር መውጫ አበጅቷል። መውጫውም «መሰየም» ይባላል። በ1949 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ውስጥ ነበረ፤ ዛሬም በሥራ ላይ ባለው ሕግ ከአንቀጽ 232 ጀምሮ ይገኛል። ብዙ ሰው ግን ከይቅርታና ከምሕረት ጋር ያምታታዋል። ይቅርታ ቅጣቱን ያስቀራል ወይም ያቀልላል እንጂ ፍርዱን ከመዝገብ አያጠፋም። ምሕረት ፍርዱን እንዳልነበረ ያደርገዋል፤ ሆኖም የሚሰጠው በመንግሥት ፈቃድ እንጂ በባለጉዳዩ ጥያቄ አይደለም። መሰየም ግን የተቀጣው ሰው ራሱ በመልካም ጠባዩ የሚደርስበት፣ ለፍርድ ቤትም አመልክቶ የሚያገኘው ነው።

በዕለት ተዕለት አነጋገራችን «ሰየመ» ማለት ስም ማውጣት ወይም በሥራ ቦታ ማስቀመጥ ነው። ሁለቱም ፍቺዎች ለዚህ ጉዳይ ይስማማሉ። የተሰየመ ሰው ስሙንም ቦታውንም መልሶ ያገኛልና።

የመሰየም ጥቅሙ ብዙ ነው። በመጀመሪያ፣ ከፍርዱ የተነሣ የተሻሩት መብቶች ይመለሱለታል፤ ይኸውም የመምረጥና የመመረጥ፣ ምስክርና ዋስ የመሆን፣ እንደዚሁም በሙያ የመሥራት መብት ተነሥቶበት ከሆነ ነው። ሁለተኛ፣ ፍርዱ ከመዝገብ ይሰረዛል፤ ለወደፊቱም እንዳልነበረ ይቆጠራል። ሦስተኛ፣ የቀድሞውን ፍርድ በክፋት እያነሣ የሚነቅፈው ሰው በስም ማጥፋት ሊጠየቅ ይችላል። ሕጉ የዘረዘራቸው እነዚህን ነው። ያልዘረዘረው ደግሞ አለ፤ በሰፈር «የገዳይ ልጅ» እየተባሉ የሚያድጉ ልጆች የአባታቸውን ስም ቀና ብለው ለመጥራት ይበቃሉ። ቀጣሪውም ቢሆን የሚሸሽገው ነገር ከሌለው ሠራተኛ ጋር ይሠራል።

«ታዲያ የሕዝቡስ ደኅንነት? የሟቹስ ቤተ ሰብ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። መልሱ ግን በራሱ በሕጉ ውስጥ ይገኛል። መሰየም በነፃ የሚታደል አይደለም። ጽኑ እስራት ለተፈረደበት ቢያንስ 5 ዓመት፣ ለሌላው ቢያንስ 2 ዓመት ማለፍ አለበት። በዚህ ጊዜ ውስጥ ጠያቂው በመልካም ጠባይ መኖር ይገባዋል፤ አቅሙ በሚፈቅደው መጠንም የጉዳት ካሣውን መክፈል ይጠበቅበታል። ስለዚህ የሟቹ ቤተ ሰብ ካሣ ተረስቶ የአጥፊው ስም ብቻ አይታደስም። ከተሰየመ በኋላም ወደ ከባድ ወንጀል ቢመለስ ውሳኔው ሊሻር ይችላል።

ይህ አሠራር ለመሐንዲስ እንግዳ ሊሆን አይገባም። የተሰነጠቀ ምሰሶ ሁሉ አይፈርስም፤ የስንጥቁ ምክንያት ይመረመራል፣ ይጠገናል፣ ጭነት ተጭኖበት ይፈተናል። ፈተናውን ካለፈ ወደ አገልግሎት ይመለሳል። ከዚያ በኋላ በየዕለቱ «ይህ ተሰንጥቆ ነበር» እያለ በሥሩ ለማለፍ እንቢ የሚል ባለሙያ ቢኖር የሚጠራጠረው ምሰሶውን ሳይሆን ፈተናውን ነው። ሕግም አንድን ሰው ለዓመታት ፈትኖ «አልፏል» ካለ፣ ባልደረቦቹ ከሕግ ይልቅ የጠነከረ ዳኛ የሚሆኑበት ምክንያት አይኖርም።

ዋናው ችግር ግን መሰየም በራሱ የማይመጣ መሆኑ ነው። ዓመቱ ስለሞላ ብቻ መዝገብ አይሰረዝም፤ መጠየቅ አለበት። መብቱን የማያውቅ ሰው አይጠይቅም፤ የሚያውቀውም ቢሆን ኀፍረት ይይዘዋል። እንግዲህ የሙያ ማኅበር ድርሻ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። ለእንዲህ ያለው አባል ሕጉን ማስረዳት፣ ጠበቃ ማመላከት፣ ስለ ጠባዩና ስለ ሥራው የሚያውቁ ባልደረቦችም እውነቱን ቀርበው እንዲመሰክሩ ማድረግ ይቻላል። ከሁሉ በፊት ደግሞ የመሠረት ጉድጓድ ሳይደገፍ ሰው እንዳይወርድ መጠበቅ የሁሉም ግዴታ ነው። ምክንያቱም ለሞተው የቀን ሠራተኛ መሰየም የለውም።

አበው «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይላሉ። ከመቃብር በላይ የሚውለው ስም ባለቤቱ በሕይወት ሳለ ሊታደስ የሚችል ከሆነ፣ መንገዱን እያወቁ ለወደቀው ባልደረባ አለመንገር ሌላ ቸልተኝነት ነው።