ከአውሎ ነፋስ በፊት ስለ መውጣት፦ የመንግሥት ሥራና የእኛ መጠባበቂያ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ በሂሳብ ክፍሉ ስም የቀረበ ንግግር)



በየዓመቱ እዚህ ስንቆም የገቢና የወጪ ሪፖርት ነው የምናሰማችሁ። ዘንድሮ ሪፖርቱ ተባዝቶ እጃችሁ ገብቷልና ቁጥር በማንበብ አናደክማችሁም። ሰዓታችንን ለአንድ ጥያቄ እንጠቀምበት፦ ከመጠባበቂያው ገንዘብ ላይ፣ አውሎ ነፋስ ሲመጣ ለመውጫ የሚሆን እንለይ ወይስ አንለይ? ባለፈው ስብሰባ «ይህ የመንግሥት ሥራ ነው፤ ግብር የምንከፍለው ለምንድን ነው?» የሚል ተቃውሞ ተነሥቶ ነበር። ልክ ነው፣ የመንግሥት ሥራ ነው። መንግሥት ይህን ሥራ እንዴት እንደሠራው ግን አብረን እንይ።

ኒው ኦርሊያንስ ሩቅ አይደለችም፤ ከዚህ ከሂውስተን በመኪና የግማሽ ቀን መንገድ ናት። ካትሪና የመታቻት ሰኞ ማለዳ፣ ኦገስት 29 ቀን 2005 ነው። ቅዳሜ ዕለት ከንቲባው ሬይ ናጊን ሕዝቡን «ብትወጡ ይሻላል» ነበር ያሉት። የዚያን ዕለት ማታ የብሔራዊ አውሎ ነፋስ ማዕከል ኃላፊ ማክስ ሜይፊልድ ራሳቸው ስልክ ደውለው አስጠነቀቋቸው። «ግዴታ ነው፣ ውጡ» የሚለው ትእዛዝ የወጣው ግን እሑድ ረፋድ ላይ ነው። አንድ ሙሉ ቀን እንኳን አልቀረም። በመሀሉ፣ ሆቴሎችና ነጋዴዎች ሥራቸው ቢዘጋ ከተማው ካሳ ይጠየቅ እንደሆነ ከሕግ ሰዎች ጋር ሲመከር እንደነበር በጊዜው ተዘግቧል። የሂሳብ ሰዎች ነንና የኪሳራ ፍርሃት ይገባናል። ያን የመሰለ ጥያቄ ግን በደህናው ጊዜ ተጠይቆ መልሱ መሳቢያ ውስጥ መቀመጥ ነበረበት።

እውነቱን ለመናገር፣ መኪና ያለው ሰው በብዛት ወጥቷል። የአውራ ጎዳናው ሁለቱም ጎን ለመውጫ ብቻ ተከፍቶ ከአካባቢው ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ወጣ፤ ይህ ጥሩ ሥራ ነው። የቀሩት እነማን ናቸው? በከተማው ከአራት ቤተሰብ አንዱ ያህል መኪና አልነበረውም። ይህንንም ባለሥልጣናቱ ያውቁ ነበር። ከዓመት በፊት፣ በጁላይ 2004፣ «ፓም» የሚል ስም በሰጡት ምናባዊ አውሎ ነፋስ ልምምድ አድርገው፣ መጓጓዣ የሌለው ሕዝብ ወደ መቶ ሺህ እንደሚደርስ ተነጋግረዋል። ቀኑ ሲደርስ የከተማው አውቶቡሶች ሰውን ከከተማ ማስወጣቱን ትተው ሱፐርዶም ወደሚባለው ስታዲየም አደረሱት። የትምህርት ቤት አውቶቡሶች ደግሞ ባሉበት ውሃ ዋጣቸው፤ ፎቶግራፉን ብዙዎቻችሁ አይታችኋል።

እኛን ከሁሉ በላይ ያስቆመን ቀኑ ነው፤ 29። ደመወዝም ሆነ የጡረታና የድጎማ ቼክ የሚጠብቅ ሰው በወሩ መጨረሻ ኪሱ ውስጥ ምን አለው? ቤንዚን አለ፣ ሆቴል አለ፣ የልጆች ምግብ አለ፣ የቀረ የሥራ ቀን አለ። «ውጡ» የሚለው ትእዛዝ ሂሳቡን ማን እንደሚከፍል አልተናገረም። ከሺህ በላይ ሰው ሞተ፤ ብዙዎቹ አረጋውያን ነበሩ። የምክር ቤቱ መርማሪ ኮሚቴም በ2006 ባወጣው ሪፖርት፣ ሕዝቡ በሙሉ ባለመውጣቱ መዳን ይችሉ የነበሩ ሰዎች ሞተዋል ብሏል።

ወር ሳይሞላ ሪታ ወደ እኛ ከተማ ዞረች። ካትሪናን ያየ ሁሉ ደንግጦ፣ ውጣ የተባለውም ያልተባለውም በአንድ ጊዜ ወጣ። ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሰው መንገድ ላይ ቆመ፤ ቤንዚን አለቀ፣ ሙቀቱም ከባድ ነበር። ዳላስ አጠገብ አንድ አውቶቡስ ተቃጥሎ ከአረጋውያን መጦሪያ የወጡ 23 ሰዎች አለቁ። ሪታ ራሷ ወደ ምሥራቅ ታጥፋ ሄደች።

ስለዚህ በ2017 ሃርቪ ሲመጣ የከተማችን ኃላፊዎች «ባላችሁበት ቆዩ» አሉ፤ የክፍለ ግዛቱ አስተዳዳሪ ደግሞ ውጡ እያሉ ይመክሩ ነበር። ሚሊዮኖችን በሁለት ቀን መንገድ ላይ ማውጣት አይቻልም ያሉትን አንቃወምም። ነገር ግን በሁሉም ውጡና በሁሉም ቆዩ መካከል፣ ቆላው ሰፈር ለሚኖሩት፣ መኪና ለሌላቸው ምን ተዘጋጀ?

ከአባሎቻችን አንዷ እናት ያን ሌሊት ብቻቸውን ነበሩ፤ ልጃቸው የሌሊት ፈረቃ ላይ ነው። ስልካቸው በእንግሊዝኛ ማስጠንቀቂያ ሲጮህ ተበላሸ ብለው አጠፉት። ውሃው ጉልበታቸው ጋ ሲደርስ ነው ጎረቤት በጀልባ ያወጣቸው። የዛሬውን ቡና የሚያፈሉልን እሳቸው ናቸው፤ እንድንናገር ፈቅደውልናል። እኛም በማግስቱ ነበር ማን የት እንዳለ በስልክ መፈላለግ የጀመርነው። ስም ዝርዝራችን ላይ የወርሃዊ መዋጮ እንጂ መኪና ያለው ማን እንደሆነ አልተጻፈም ነበር። ይህ የራሳችን ጉድለት ነው።

የምንጠይቀው ትንሽ ነው። መኪና ለሌላት አባል የቤንዚንና የሁለት ሌሊት ማደሪያ፣ ያለ ቃለ ጉባኤ፣ በሁለት ፊርማ የሚወጣ ገንዘብ። ደረሰኝ በኋላ ይመጣል፤ ይህን የምንለው እኛ መሆናችን ሊያስገርማችሁ ይችላል። ዕድራችን ለቀብር ስብሰባ ጠርቶ አያውቅም፣ በአንድ ስልክ ነው የሚከፍለው። በተጨማሪ፣ መራመድ የሚያቅታቸው ወይም መጓጓዣ የሌላቸው እናቶች በ211 ደውለው በክፍለ ግዛቱ መዝገብ እንዲገቡ አብረናቸው እንቀመጣለን፤ ምዝገባው ለመውሰዳቸው ዋስትና ባይሆንም።

ቅጹ ከቡናው ጋር ይዞራል። መኪና ያላችሁ ከቤተሰባችሁ የሚተርፈውን የወንበር ቁጥር ጻፉ። የሌላችሁ አድራሻችሁንና ማታ የሚነሣ ስልክ ጻፉ። ድምፅ የምንሰጠው ከሁለተኛው ቡና በኋላ ነው።