አዲሱ መድኃኒት ለማን ይቅደም?

እሷ፦ አዲስ የካንሰር መድኃኒት ብዙውን ጊዜ የሚሞከረው ሌላው ሁሉ አልሠራ ሲል ነው። ለሆጅኪን ሊምፎማ ግን ይህ ልማድ አይበጅም ባይ ነኝ። የዚህ ካንሰር ሕዋሳት በላያቸው የሚያበዙት ፕሮቲን ቲ-ሴል የተባሉትን የሰውነት ተከላካዮች ያፈዛል፤ ኒቮሉማብ የተባለው መድኃኒት ደግሞ ማፍዘዙን ይገታል። ታዲያ ሕመምተኛው ይህን ለማግኘት በሽታው እስኪያገረሽ ለምን ይጠብቅ?

እሱ፦ አብዛኛው ታካሚ እኮ በኬሞቴራፒ ይድናል። ሊድን በሚችል ሰው ላይ መሞከር ድፍረት አይሆንም?

እሷ፦ ያለ ማወዳደሪያ ቢሆን አዎ። በአሜሪካና በካናዳ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመው ጥናት ግን 12 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸውን፣ በሽታቸው የተስፋፋ 970 ያህል ታካሚዎች በዕጣ ለሁለት ከፍሏል። ሁሉም ያንኑ ኬሞቴራፒ ሲወስዱ፣ ለአንዱ ወገን ኒቮሉማብ፣ ለሌላው ብሬንቱክሲማብ ቬዶቲን የተባለ ሌላ መድኃኒት ተጨመረ። በሁለት ዓመት በሽታው ሳይባባስባቸው የቆዩት በኒቮሉማብ ወገን 92 ከመቶ፣ በሌላው 83 ከመቶ ሆኑ። ጨረር የተሰጣቸው ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም። ጨረር በልጅነት ሲወሰድ ከዓመታት በኋላ የልብ ሕመምና ሌላ ካንሰር ሊያመጣ ይችላልና፣ ለእኔ ትልቁ ዜና ይሄ ነው።

እሱ፦ ሁለት ዓመት አጭር ነው። የታይሮይድ ችግርም በኒቮሉማብ በኩል በዝቷል።

እሷ፦ በዝቷል፤ ግን የታይሮይድ እጥረት በኪኒን ይያዛል። እጅና እግር የሚያደነዝዘው የነርቭ ጉዳት የበዛው በሌላው ወገን ነው። ዕድሜ ማራዘሙን ረጅም ክትትል ይፍታው፤ የተሻለውን ለመጀመሪያ ቀን ታካሚ መሞከሩ ግን አያከራክረኝም። የሚያከራክረኝ ዋጋው ነው።